መዋዕለ ንዋይ በቀይ ቀለም

ቅጽ ስትሞሉ አባታችሁ አጠገብ ሆናችሁ አትሙሉ። ምክር ብዬ የምሰጠው ይቺን ብቻ ነው፤ የቀረውን ምክሬን እኔው ሞክሬው አልሠራልኝም። በተለይ አባታችሁ መሪጌታ ከሆኑ፣ በተለይ ቁም ጸሐፊ ከሆኑ፣ በተለይ ደግሞ መንግሥት በሬዲዮ ግዕዝ መቀላቀል በጀመረበት ዘመን ከሆነ፣ ቅጹን በብብታችሁ ሸጉጣችሁ ዘመድ ቤት ግቡ። ሳቁ እንግዲህ። ያልደረሰበት ይስቃል።

የኔ ጣጣ የተጀመረው በሬዲዮ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ፣ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ሥራ ፈትቼ እውላለሁ። አንድ ቀን ሬዲዮው ስለ ቅይጥ ኢኮኖሚ ማውራት ጀመረ። የዛሬ ልጆች አታውቁትም እንጂ እስከዚያ ዓመት ድረስ «ከበርቴ» ስድብ ነበር። ኳስ ይዞ አላቀብል ያለውን ልጅ «አንተ ከበርቴ!» እንለዋለን፤ ያለቅሳል። ሱሪው ላይ ሁለት የኋላ ኪስ ያሰፋ ሰው እንኳ «ለምንህ ነው ሁለተኛው?» ይባላል። ያን ቀን ግን ያው ሬዲዮ፣ በዚያው በሚያስፈራው ድምፁ፣ «መዋዕለ ንዋያቸውን በሥራ ላይ ለማፍሰስ የሚሹ ግለሰቦች ይበረታታሉ» አለ።

ልብስ ሰፊው እግሩን ከመርገጫው አነሣ። «ሬዲዮው ዛሬ ጤና የለውም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገው።

እኔ ግን ልቤ ተነሣች። እስከዚያ ቀን የሰማሁት ሥራ ሁሉ ላብ አለበት። መምህር ይጮሃል፣ ሐኪም ሌሊት ይቀሰቀሳል፣ መሐንዲስ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ይሄኛው ሰውዬ ግን ምን ያደርጋል? ያፈሳል። አፍስሶ ይቀመጣል። ተቀምጦ ይበረታታል። እኔ ደግሞ መቀመጥ ላይ ከሰፈራችን የሚስተካከለኝ አልነበረም። «ይሄ ሥራ ስሜን ጠርቶ ነው የመጣ!» ብዬ እየበረርሁ ቤቴ ሄድሁ።

እናቴ ከፋብሪካ ፈረቃ ገብታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ የምማረውን አገኘሁት! መዋዕለ ንዋይ ላፈስ ነው!» ብዬ ዘልዬ ስገባ እግሬ ሳፋውን መታው። ውሃው ቤቱን አጥለቀለቀው።

«ጀመርህ!» አለች እናቴ፣ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ። «ኧረ በሞትሁት! በዚህ ቤት ያላፈሰስኸው ምን ቀረና ነው ለማፍሰስ ኮሌጅ የምትገባው?»

ውጤቱ መጣ፤ አለፍሁ። ወዲያው ከትምህርት ቤት ቅጽ ተሰጠን። ሦስት መስመር አለው፤ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ። ከሥር የወላጅ ፊርማ። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልተመለሰ ኮሌጅ የለም። ኮሌጅ ያልገባን ወጣት ደግሞ ቀበሌው በቀይ እስክሪብቶ መዝግቦ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ መመዝገብ ማለት ወደየት መሄድ እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። ከኛ በፊት ከተመዘገቡት የሰፈራችን ልጆች ከግንባር ደብዳቤ የሚጽፍ እያነሰ መጥቶ ነበር። እናቴ ቅጹን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ልጄ፣ የፈለግኸውን አፍስስ፤ ብቻ ይቺን ወረቀት በጊዜ መልስ» አለችኝ።

ግን የቱ ትምህርት ነው ሰውን አፍሳሽ የሚያደርገው? ፔዳ የምንለው የመምህራን ኮሌጅ ሄጄ አንድ የማውቃቸውን አስተማሪ ጠየቅሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ፣ «እኛ ዘንድ ያለው መምህርነት ነው። ስትወጣ በሩን ዝጋው» አሉኝ።

ቀጥዬ አቶ መኩሪያ ዘንድ ሄድሁ። አቶ መኩሪያ በደጉ ጊዜ ሁለት ወፍጮና መደዳውን የሚከራይ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ሁሉም ተወርሶ፣ ከራሳቸው ቤት አንዷን ክፍል ከቀበሌ ተከራይተው ይኖራሉ። ከቁርስ በኋላ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠው መንጠቆ ይጥላሉ። በከተማችን አፍስሶ የሚያውቅ እሳቸውን ብቻ ነበር የማውቅ።

«ጋሼ፣ ከበርቴ ለመሆን ምን ልማር?»

ዞር ብለው ማንም አለመኖሩን አዩ። «ሕግ ተማር» አሉ።

«ሕግ? ለምን?»

«ሲወስዱብህ በስንተኛው አንቀጽ እንደወሰዱብህ ታውቃለህ። እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

«ኢኮኖሚክስስ?»

«እሱ ገንዘብ ለምን እንደሌለ የሚያስተምር ነው። ሲያስረዱህ ደስ ይላል አሉ።»

«አካውንቲንግስ?»

«እሱ የሰው ገንዘብ መቁጠር ነው። እጅህ ለምዶት ይቸግርሃል።» ከዚያ መንጠቆውን ሰብስበው ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ አራተኛ ክፍል ነው የተማርሁ። ወፍጮዬን የወሰደብኝ ትምህርት ማነስ አይደለም። እስቲ አሁን ሂድ፣ ዓሣውን አባረርኸው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ ሐሳቡን ይቀይር ነበር። እኔ ግን መካሪ የማያጣ፣ ምክር የማይገባው ፍጥረት ነኝ። አንደኛ ኢኮኖሚክስ፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ ብዬ ወሰንሁ። ሦስተኛውን መንገድ ላይ አስበዋለሁ አልሁ። የቀረችኝ የአባቴ ፊርማ ብቻ ነበረች።

አባቴ ግን ከተማ አልነበሩም። በታንኳ የግማሽ ቀን መንገድ ካለች ደሴት፣ ከአንድ ገዳም የተቀደደ ዳዊት ሊገለብጡ ሄደው ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ደሴቷ ሴት አታስገባም፤ ስለዚህ እናቴ አስቀድማ በመልእክተኛ ቃል ልካለች፤ «ልጅህ መዋዕለ ንዋይ ሊማር ነውና ፈርምለት» ብላ። ሄዳ በአፏ ብታስረዳቸው ኖሮ ይሄ ወግ አይኖርም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ታንኳችን ደሴቷ ጋ ስትደርስ፣ አባቴና የገዳሙ አለቃ ከሦስት ሽማግሌ መነኮሳት ጋር ዳር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥሁ። አባቴ እግራቸው እስኪርስ ውሃው ውስጥ ገብተው አቀፉኝ።

«ልጄ! መንግሥት ተጸጸተ!» አሉ፣ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ።

«ምን አደረገ?»

«ንዋየ ቅድሳትን በኮሌጅ ሊያስተምር! ንዋይ ምንድን ነው? ዕቃ። መዋዕል ምንድን ነው? ዘመን። መዋዕለ ንዋይ፤ የዕቃ ዘመን! መስቀሉ፣ ዘውዱ፣ ጽናጽሉ ስንት ዘመን እንዳለው፣ እንዴት ተጠብቆ እንደሚቆይ! ዜማው አልገባህ ሲል፣ ቅኔው አልገባህ ሲል፣ ዳዊቱን እንኳ በሰባት ዓመትህ ሳትደግም ስትቀር እኔ አዝኜብህ ነበር። ለካ እግዚአብሔር ለዕቃ ቤት አስቀምጦህ ነው!»

«ማፍሰሱስ አባዬ? ሬዲዮው ማፍሰስ ብሏል እኮ» አልሁ፣ ቀስ ብዬ ላወጣቸው ፈልጌ።

አለቃው ጣልቃ ገቡ። «ጠበል ነዋ! ሌላ ምን ይፈስሳል?»

እኔ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ፤ አትጩሁብኝ። ግን አምስት ሽማግሌ በደስታ እያለቀሱ «ይቅርታ፣ እኔ የፈለግሁት ቮልስዋገን ነው» የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? «አሜን» አልሁ። ፈሪ ሰው ሲጨንቀው አሜን ይላል።

የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባ ገብረ ሥላሴ ይባላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ክንዴን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ አስገቡኝና እያንዳንዱን ዕቃ በእጃቸው እየዳሰሱ አስተዋወቁኝ። ጫፉ የተሰበረው የመፆር መስቀል፣ ሐሩ የተበላ ጥላ፣ ስሙን የማያውቁት ሰው የሰጠው ዘውድ። የቤቱ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እንባዬ መውረድ ጀመረ። አባቴ በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ልባቸው ተነክቶ።

«አርባ ዓመት ጠበቅሁት» አሉ አባ ገብረ ሥላሴ። «አንድ አልጎደለም።»

አርባ ዓመት ይዞ አንድ ሳይጨምር! ያልተማረ አፍሳሽ ጭንቅላቴ ይሄንን አሰበ። ወዲያው ግን ሽማግሌው ክንድ የሚያክል ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠው በእጃቸው አስጨበጡኝ። «ትምህርቱ ስንት ዓመት ነው? ቶሎ ብትጨርስ ጥሩ ነበር። እኔ ብዙም አልቆይ» አሉኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁልፉም ጎኔን ሲወጋኝ አደረ።

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን «ተምሬ እስክመጣ» ብዬ ለሽማግሌው መለስሁና ቅጹን ለአባቴ ሰጠኋቸው። «እዚህች ጋ ፊርማ ብቻ» አልሁ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። መስመሮቹን ባዶ ትቻቸዋለሁ፤ ከተማ ስደርስ ልሞላቸው አስቤ ነው። ባዶ መስመር ለቁም ጸሐፊ ማሳየት ለፍየል ቅጠል ማሳየት ነው። አባቴ መቃ ብዕራቸውን ቀረጹ፣ ጥቁሩን ቀለም በአንድ ቀንድ፣ ቀዩን በሌላ ቀንድ አስቀምጠው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ዳር አውጥተው ጻፉ። ቅዱስ የሆነው ቃል በቀይ ነው። አንደኛ ምርጫ፦ ንዋየ ቅድሳት። ሁለተኛ ምርጫ፦ ንዋየ ቅድሳት። ሦስተኛ ምርጫ፦ ከማሁ። ያው እንደ ላይኛው ማለት ነው።

መቼም ከዚያ የሚያምር ቅጽ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ አልተሞላም። ለዓርብ አንድ ቀን ቀርቶኛል፤ ይሄን ይዤ ብቀርብ የሚመድበኝ ኮሌጅ የለም፤ ቀበሌው ግን አለ። ስለዚህ አንድ ብልሃት ዘየድሁ። ታንኳ ላይ ስንሆን ቅጹ «ድንገት» ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ሌላ ቅጽ እጠይቃለሁ፣ የአባቴን ፊርማ ከተማ ላይ በጥድፊያ አስፈርማለሁ፣ እሳቸውም በዓለማቸው ይኖራሉ። ብልሃቴ እንዲህ ነበር።

አባቴ አብረውኝ ተሳፈሩ። የቁንዝላ ሰው የሆነ ቀዛፊ ከኋላ ቆሟል። ትንሽ እንደሄድን ቅጹን ከደረቴ አውጥቼ የማየው መሰልሁ።

«አምጣው» አሉ አባቴ። «አንተ ነገር ታፈሳለህ። እናትህ ነግራኛለች።» አጣጥፈው ጥምጥማቸው ውስጥ ከተቱት።

አሁን እንግዲህ ጥምጥሙ ካልወደቀ ቅጹ አይወድቅም። ታንኳዋን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ላወዛውዛት ወሰንሁ። ወደ ግራ ተደገፍሁ። ወደ ቀኝ ተደገፍሁ።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ አትነቃነቅ!» አለ ቀዛፊው። «ይቺ የደንገል ታንኳ ናት፣ መርከብ መሰለችህ?»

አንድ ጊዜ ደግሜ ስደገፍ ጥምጥሙ አልወደቀም። እኔ ወደቅሁ።

የጣናን ውሃ ከሆዴ የማውቀው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ቀዛፊው በመቅዘፊያው ሸሚዜን ሰክቶ ጎትቶ አወጣኝ። አባቴ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። «ልጄን! ልጄን!» ብቻ ነው የሚሉት። እንደዚያ ሆነው ሳያቸው ያ ሁሉ ብልሃቴ አስጠላኝ።

«አባዬ፣ ንዋይ ገንዘብ ነው!» አልሁ፣ ውሃ እየተፋሁ።

«ምን?»

«መንግሥት አልተጸጸተም። ንዋይ የሚለው ገንዘብ ነው። እኔ ሀብታም ለመሆን ነው የምማረው። አሁንም ቅጹን ውሃ ላይ ልጥለው ብዬ ነው የወደቅሁ።»

ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀዛፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም የገንዘብ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ግን በመሪጌታ ፊት በምን አፌ ልናገር?» አለ።

«ዕቃ ቤቱ ውስጥ አልቅሰህ ነበር እኮ» አሉ አባቴ።

«አቧራ ነው አባዬ።»

እንደዚያች ቃል የከበደኝ ነገር የለም። ቅጹን ከጥምጥማቸው አወጡ፣ ዘረጉት፣ ጽሕፈታቸውን አዩት። ይቀድዱታል፣ ይጥሉታል ብዬ ጠበቅሁ። መልሰው አጠፉት። «ቅዱስ ቃል ያለበት ወረቀት ውሃ ውስጥ አይጣልም» አሉ። «ሞኝ ልጅ ነው የሚጣል።» ባሕር ዳር እስክንደርስ ዓይናቸውን ከደሴቷ አላነሡም።

ዓርብ ጠዋት በጉንፋን ተይዤ፣ እያነጠስሁ፣ እየተንቀጠቀጥሁ ወደ ትምህርት ቤት ሄድሁ። አባቴ ሳልጠራቸው ከኋላዬ መጡ። ሪከርድ ክፍል ውስጥ ወይዘሮ ዘነበች አሉ፤ ቅጹን የሚሰጡትም የሚቀበሉትም እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ተማሪው በምን መንፈስ እንደሚመርጥ ሊከታተል የተመደበ ጓድ አስፋው የሚባል ካድሬ ተቀምጧል። ሌላ ቅጽ ለማግኘት የተበላሸውን ማሳየት ግድ ሆነ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጓድ አስፋው፣ ቀዩን ጽሕፈት በጣቱ እየነካ። «ንዋየ ቅድሳት! በመንግሥት ቅጽ ላይ! ሦስት ጊዜ!»

«ሁለት ጊዜ ነው» አሉ አባቴ። «ሦስተኛው ከማሁ ነው የሚለው።» ሰው ጽሕፈታቸውን አሳስቶ ሲያነብ አይወዱም።

«እሺ፣ አሁንስ ምን ሊማር ነው?»

እኔ አፌን ስከፍት ማስነጠስ ቀደመኝ። አባቴ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያውጁት ጮክ ብለው፣ «ልጄ ሀብታም መሆን ይፈልጋል» አሉ።

ወይዘሮ ዘነበች ማኅተሙን አየር ላይ እንደያዙት ቀሩ። ኮሪደሩ ላይ ሲንጫጫ የነበረው ተማሪ ሁሉ በበሩ አንገቱን አሰገገ።

«ቀስ ይበሉ፣ መሪጌታ!» አለ ጓድ አስፋው።

«ምን አጠፋሁ? በሬዲዮ ተፈቅዷል አሉ እኮ።»

«የተፈቀደው መበረታታቱ ነው እንጂ መሆኑ አይደለም! ስለ መሆኑ መመሪያ አልደረሰንም።»

«እንግዲያው መመሪያው እስኪደርስ ይማር» አሉ አባቴ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ዕቃ ቤት እንዲጠብቅ ነበር የጻፍሁለት፤ ወድጄ ነበር። እሱ አልወደደም። ልጅን ያለ ውዱ ዕቃ ቤት ማስገባት ዕቃ ማድረግ ነው። ለሱ ሌላ ወረቀት ስጡት።»

ጉንፋን የያዘው ሰው ዓይኑ ውሃ ቢያወጣ አያስነቅፍም። ያን ጊዜ ግን አቧራ አልነበረም።

ጓድ አስፋው አንዴ ቀዩን ቅጽ፣ አንዴ እኔን ያያል። «አንዱ ፊውዳል፣ አንዱ ቡርዧ» ይላል ለራሱ። «የቱን ነው የማጸድቀው?» ወይዘሮ ዘነበች ሰዓታቸውን አሳዩት። «ጓድ፣ ቅጹን የሚወስደው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሊነሣ ነው። በኋላ ቢያስቡበትስ?» አሉና አዲስ ቅጽ ወረወሩልኝ።

ቆሜ፣ እየተንቀጠቀጥሁ፣ አንደኛ ኢኮኖሚክስ፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ ብዬ ጻፍሁ። ወይዘሮ ዘነበች አዩና፣ «ይሄ ጽሕፈት ነው ወይስ ዶሮ ነው የሄደበት?» አሉ። «ሦስተኛው መስመር ባዶ አይቀርም፤ ቶሎ!»

ብዕሩን ለአባቴ ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ፣ ሌላ የምሰጣቸው ነገር አልነበረኝም። «ሦስተኛው የእርስዎ ይሁን» አልኋቸው። ለይስሙላ ነው፤ ሦስተኛ ምርጫ ደርሶት የሚያውቅ ሰው የለም ይባል ነበር።

«ግዕዝ ያለበት አለ?» ብለው ወይዘሮ ዘነበችን ጠየቁ።

«የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚባል አለ። ውስጡ ሳይኖር አይቀርም።»

አባቴ ተቀመጡ። ወረቀቱን አቃኑ። መኪናው ውጭ ጥሩንባ ይነፋል፣ ወይዘሮ ዘነበች ይቁነጠነጣሉ፣ እሳቸው አንዷን ፊደል አንገቷን አስተካክለው፣ እግሯን አቁመው፣ ወደ ቀጣይዋ ይሻገራሉ። ጓድ አስፋው ሳይቀር ከወንበሩ ተነሥቶ በትከሻቸው ላይ አጎንብሶ ያይ ነበር። «አሁን እቺን ‹ቋ› እዩዋት!» ሲል ሰምቼዋለሁ። በመጨረሻ ከሥር ፈርመው ቅጹን ለወይዘሮ ዘነበች ሰጧቸው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ምደባው ተለጠፈ። ስሜን አገኘሁት። በትይዩው «የኢትዮጵያ ቋንቋዎች» ይላል። አዲስ አበባ የተቀመጠው መዳቢ ከዚያ ቅጽ ላይ ሊያነብ የቻለው አንዱን መስመር ብቻ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ግን ያወቅሁት ወዲያው ነው። እየተራገምሁ ቤት ገባሁ።

እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ገባህ ወይስ ይመዘግቡሃል?»

«ገባሁ፤ ግን…»

«ግን»ን አልሰማችም። እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤቱ አወጣው፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አባቴ ሊያጽናኑኝ አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ኢኮኖሚክሱ…» ብለው ጀመሩና ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አለቀሱ ብዬ ቀና ስል ሳቅ ነው። አፈሩና ፊታቸውን አኮማትረው እንደገና፣ «በእውነቱ እኔም በጣም ነው ያዘንሁት» አሉ። አሁንም ሳቁ አመለጣቸው። ተነሥተው ወጡ፣ ውጭ ትንሽ ቆዩ፣ ተመልሰው ፊት ለፊቴ ቆሙና ሀዘንተኛ መስለው፣ «ልጄ፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ…» ብለው ሳይጨርሱ፣ ሦስተኛው ላይ እኔም ሳቄ አመለጠኝ።